ልጅ ከጎጃም ወደ ውጭ ሲሄድ ስንተኛ ክፍል ይገባል?

ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሪከርድ ክፍላችን በር ከወላጅ አይለይም። አንዷ እናት ከደጀን ትመጣለች፤ ባለቤቷ አሜሪካ ነው፣ ፕሮሰሱ አልቋል፣ ልጆቿን ይዛ ልትሄድ ነው። አንድ አባት ከቢቸና ይመጣሉ፤ ልጃቸው እናቷ ዘንድ ስዊድን ልትገባ ነው። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «መምህር፣ እዚህ አምስተኛን ጨርሷል፤ እዚያ ስንተኛ ይገባል?»

በፊት «ስድስተኛ ነዋ» እያልኩ እመልስ ነበር። ስህተት ነበር። ያን መልስ ይዘው የሄዱ ቤተሰቦች ልጃቸው ያልጠበቁት ክፍል ሲገባ «ዝቅ አደረጉት» ብለው ሲያዝኑ፣ ወይም «ከፍ አደረጉት» ብለው ሲደሰቱ ሰምቻለሁ። ሁለቱም አልሆነም። የክፍል ቁጥር ድንበር አይሻገርም። ከልጁ ጋር የሚሻገሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የተወለደበት ቀን፣ እና በሚሄድበት አገር ካለው ትልቁ ፈተና ወይም ተማሪዎች ወደተለያየ የትምህርት መንገድ ከሚለዩበት ዓመት የቀረው ጊዜ። ምርጫችሁን በእነዚህ ሁለቱ መዝኑ።

በዕድሜ የሚመድብና በደረሰበት የሚመድብ

ጎጃም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ወደ ቅኔ ቤቶቹ ዋሸራ ወይም ዲማ ወርዶ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ተብሎ የተመደበ ተማሪ የለም። ፊደል የቆጠረ፣ አቡጊዳና መልእክተ ዮሐንስ የጨረሰ፣ ዳዊት የደገመ ወደ ዜማው ወይም ወደ ቅኔው ያልፋል። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅና ጺም ያወጣ ጎረምሳ ከአንድ መምህር እግር ሥር ይቀመጣሉ። መመዘኛው የደረሰበት ነው።

የአስኳላው ትምህርትም ከዚሁ ጠባይ ብዙ ወርሷል። በደንቡ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በ10 ዓመቱ የመጣ ልጅም የሚጀምረው ከአንደኛ ነው። ያላለፈ ይደግማል። ስለዚህ «ስምንተኛ ክፍል» ስንል የ14 ዓመት ልጅም፣ የ18 ዓመት ወጣትም ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝ የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ይሄዳል፤ መድገም የሚባል ነገር ከስንት አንዴ ነው የሚያጋጥመው። ቋንቋ ባይችልም፣ ትምህርት ባይጀምርም፣ የ11 ዓመት ልጅ ከ11 ዓመት ልጆች ጋር ይቀመጣል፤ የጎደለው በተጨማሪ ድጋፍ ይሞላለታል። ኖርዌይና ስዊድንም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። ጀርመን መካከል ላይ ናት፤ ማስደገም አለ፣ ልጆችን በችሎታ ወደተለያየ ትምህርት ቤት መለየትም አለ። አሜሪካና ካናዳ በታችኛው ክፍል ዕድሜን ያያሉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ያለፈውን ኮርስ ይቆጥራሉ። አንድ ወላጅ ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው፦ አገሩ የሚመድበው በዕድሜ ነው ወይስ በደረሰበት?

ስለራሳችን አወቃቀርም አንድ ቃል። አያቶች «ስድስተኛ ሚኒስትሪ» ሲሉ የሚያስታውሱት 6-2-4 በ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ ወደ 8 ዓመት አንደኛ ደረጃ ተቀይሮ ነበር፤ አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተመልሶ መጥቷል። 1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ 9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል። ታላቅ ወንድም በአሮጌው፣ ታናሽ እህት በአዲሱ ተምረው አብረው የሚሄዱ ከሆነ፣ ይህ በትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ መስመር ይገለጽላቸው።

ሁለት የዳንግላ ልጆች

ነገሩ በምሳሌ ይታያል። ዳንግላ ላይ ሁለት የአጎት ልጆች አሉ እንበል። ወንዱ ነሐሴ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. ተወለደ፤ ሴቷ መስከረም 5 ቀን 2011 ዓ.ም.። በመካከላቸው 20 ቀን ብቻ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር እሱ ኦገስት 26፣ እሷ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2018 መሆኑ ነው። ሁለቱም በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 2025፣ አንደኛ ክፍል ገብተው አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ።

በዚያው መስከረም ለንደን ቢሆኑ ኖሮስ? የእንግሊዝ መቁረጫ ቀን፣ ማለትም በልደት ቀን የአንዱን ክፍል ልጆች ከሌላው የሚለየው ቀን፣ ኦገስት 31 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 25። ልጁ ከመቁረጫው በፊት ስለተወለደ «ይር 3» (በእንግሊዝ የክፍል መጠሪያ) ይገባል፤ ልጅቷ ከመቁረጫው በኋላ ስለሆነች «ይር 2»። አብረው ሊቀመጡ አይችሉም። ከዚህም በላይ፣ የልጁ እኩዮች በ4 ዓመታቸው «ሪሴፕሽን» የሚባለውን ጀምረው ሦስት ዓመት ተምረዋል፤ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። የእኛው ልጅ ሀሁን ገና ሊጀምር ነው።

አሜሪካ ደግሞ ቀኑን የሚወስነው ግዛቱ ነው። ሜሪላንድ ሴፕቴምበር 1 ላይ ትቆርጣለች፤ ቨርጂኒያ ሴፕቴምበር 30 ላይ። ሁለቱ ግዛቶች በፖቶማክ ወንዝ የሚለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በሁለቱም ብዙ አበሻ አለ። ልጁ በሁለቱም ግዛት ሁለተኛ ክፍል ይሆናል። ልጅቷ ግን ቨርጂኒያ ከተቀመጠች ከአጎቷ ልጅ ጋር ሁለተኛ፣ ሜሪላንድ ከሆነች አንደኛ ትገባለች። ዘመድ «የኔዋ በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ ነበረች» ብሎ በስልክ ሲነግራችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ለእናንተ ግን ላይሠራ ይችላል። የምትቀመጡበትን አካባቢ ጠይቁ።

ኦንታሪዮ፣ ካናዳ፣ የፈረንጁን ዓመት ተከትሎ ዲሴምበር 31 ላይ ይቆርጣል፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 መሆኑ ነው። እዚያ ሁለቱም ሁለተኛ ክፍል ናቸው። ኖርዌይም የልደት ዓመትን ነው የምታየው፤ ልጅ 6 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ስለሚጀምር ሁለቱም ሁለተኛ ናቸው። ስዊድን ከእኛ ጋር ትገጥማለች፦ በ6 ዓመት የመሰናዶ ክፍል አለ፣ አንደኛ የሚባለው በ7 ይጀምራል። ስለዚህ የቢቸናው አባት ልጅ የክፍል ቁጥሯ ብዙም ላይቀየር ይችላል። ከጠየቁኝ አገሮች ሁሉ ቁጥሩ ለእኛ የሚቀርበው ስዊድን ነው።

አውስትራሊያ የትምህርት ዘመኗ ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ዲሴምበር ነው። እኛ ሰኔ ላይ ስንዘጋ እነሱ መንገድ አጋማሽ ላይ ናቸው። ልጅ ሐምሌ ላይ ቢደርስ በዓመቱ መሐል ይገባል፤ ጥር ላይ ቢደርስ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይጀምራል። ቪክቶሪያ ኤፕሪል 30፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ጁላይ 31 ላይ ይቆርጣሉ፤ በእኛ ሚያዝያ 22 እና ሐምሌ 24። የበረራውን ቀን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ፣ ለአውስትራሊያ የጥምቀትን ሰሞን እመርጣለሁ።

ታዲያ ለዳንግላው ልጅ ምን ይሻለዋል? ከ9 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር መቀመጡን እደግፋለሁ። ቋንቋውን ከጨዋታው ይለቅመዋል፤ ከእሱ ባነሱ ልጆች መሐል ረጅም ሆኖ መታየት ግን ልጅን ያሸማቅቃል። ልደቱ መቁረጫው አጠገብ የሆነ ልጅ ሲሆን፣ አገሩም የሚፈቅድ ከሆነ፣ አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ እንዲጀምር በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። ከሁለት ክፍል በላይ ዝቅ ማስደረግን ግን አልመክርም።

የልደት ቀኑን ከየት እናምጣ?

ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው በአንድ ቀን ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በብዙ ገጠር ቤት በወረቀት የለም። በሕግ የተደራጀ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ፓስፖርት ሲወጣለት «ጥር 1 በለው» ተብሎ የተጻፈለት ብዙ ነው። ከዚህም የባሰ፣ ለቪዛ ይጠቅማል ተብሎ ሁለት ሦስት ዓመት የተቀነሰለት ወይም የተጨመረለት ልጅ አለ። አደራ፣ ይህን አታድርጉ። የ13 ዓመት ልጅ በወረቀት 16 ከሆነ፣ በእንግሊዝ ሊገባበት የሚገባው «ይር 8» ወይም «ይር 9» አልፎት የመደበኛው ትምህርት ማብቂያ ላይ ይወድቃል። የ16 ዓመቱ 13 ከተባለም ከሕፃናት ጋር ይቀመጣል። ያ ቀን አንዴ ከተጻፈ በኋላ ማስቀየር እጅግ ከባድ ነው።

እናቶች ቀኑን የማያውቁት እየመሰላቸው ያውቁታል። ክርስትናውን ጠይቋቸው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው የሚነሱት። «መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ክርስትና አነሳነው» ያለች እናት ልጇ ነሐሴ 20 ገደማ እንደተወለደ ነግራችኋለች። «የልጅቷ ክርስትና በኅዳር መርቆርዮስ ነበር» ካለች፣ ኅዳር 25 ላይ 80 ቀን ወደኋላ ቁጠሩ፤ መስከረም 5 ላይ ያርፋል። በዚህ መንገድ ብዙ ልጆች ቀናቸውን አግኝተዋል። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ስትመልሱም ጳጉሜን አስቡ፤ ጳጉሜ 6 የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ ያለው ቀን በአንድ ይገፋል። መቁረጫው አጠገብ ለተወለደ ልጅ ያ አንድ ቀን የአንድ ዓመት ዋጋ አለው።

የሚያደናግሩ ቁጥሮች

የእንግሊዙን «ይር» እንደ «ክፍል» አትውሰዱት፤ ከአሜሪካው ቁጥር በአንድ ይበልጣል። ለንደን «ይር 6» ያለ ልጅ አሜሪካ ቢሄድ አምስተኛ ነው። ፈረንሳይ ደግሞ ወደታች ትቆጥራለች፦ በ11 ዓመት «ስድስተኛ» ይገባል፣ ቀጥሎ «አምስተኛ»፣ «አራተኛ»፣ «ሦስተኛ» እያለ ይወርዳል። ፓሪስ ያለች እህት «ልጄ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ናት» ብትል 14 ዓመት ገደማ ሆኗታል ማለት ነው።

ማርክም እንዲሁ ነው። ጀርመን 1 ከሁሉ የላቀ፣ 6 ከሁሉ ዝቅተኛው ነው። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸው ከጀርመን የላከችላቸውን ካርድ ይዘው መጥተው «መምህር፣ ልጄ ከመቶ አንድ አመጣች ወይ?» ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ካርዱ ላይ አንድ ሆኖ የተሞላው ሁሉ ግሩም ውጤት ነበር። ሩሲያ በተቃራኒው 5 ትልቁ ነው፤ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ፈረንሳይ ከ20 ትሰጣለች፤ 10 ማለፊያ ነው፣ 16 ያመጣ ጎበዝ ነው። የእንግሊዝ የ16 ዓመት ፈተና ከ9 እስከ 1 ሲሆን 9 ከፍተኛው ነው። እኛ የምንኮራበት «ከ62 ተማሪ 1ኛ ደረጃ» ለብዙዎቹ ትርጉም አይሰጥም፤ እነሱ ደረጃ አያወጡም። ቢሆንም ከነተማሪው ብዛት ይጻፍ፤ የልጁን ጥረት ያሳያል።

ለጎረምሳው፦ አሁን ይሂድ ወይስ 12ኛን ይጨርስ?

እንቅልፍ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው። ለትንሽ ልጅ አንድ ክፍል ወዲህም ወዲያም ቢል ይስተካከላል። ለ15 እና ለ17 ዓመት ልጅ ግን የስድስት ወር ልዩነት መንገዱን ይቀይረዋል። መልሱም በየአገሩ የተለያየ ነው።

አሜሪካና ካናዳ ለዘገየ ልጅ ሰፊ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ የሚያልቀው ክሬዲት፣ ማለትም ላለፉት ኮርስ የሚቆጠር ነጥብ፣ በመሰብሰብ ነው፤ ለምሳሌ በኦንታሪዮ 30 ክሬዲት ያስፈልጋል። እዚህ 9ኛና 10ኛ ላይ ያለፈባቸው ትምህርቶች በትራንስክሪፕቱ በደንብ ከተዘረዘሩ ሊቆጠሩለት ይችላሉ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች እስከ 20 ወይም 21 ዓመት በነፃ መማር ይቻላል። ስለዚህ 16 ዓመት የሆነውና 9ኛን የጨረሰ ልጅ ካላችሁ፣ ቪዛው በደረሰ ጊዜ ይሂድ፤ እንግሊዝኛውን የሚያጠናክርበት ጊዜ አለው። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የደረሰ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ ግን ጨርሶ ቢሄድ ይሻላል፤ የ12ኛ ማጠናቀቂያ ይዞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በቀጥታ ማመልከት ይችላል።

እንግሊዝ ላይ ምክሬ ጠበቅ ይላል። «ይር 10» እና «ይር 11»፣ ማለትም ከ14 እስከ 16 ዓመት፣ ለአንድ ትልቅ ፈተና የሚዘጋጁበት ሁለት ዓመት ነው። በዚያ መሐል፣ ልጁ 15 ከግማሽ ሆኖት፣ ቋንቋ ሳይችል መድረስ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። ከቻላችሁ 14 ሳይሞላው ይድረስ። ካልሆነ ደግሞ 16 ሞልቶት ቀጥታ ወደ ኮሌጅ ገብቶ እንግሊዝኛና ሒሳብ ይጀምር። መሐሉን አትምረጡ። በዚያ አገር ከ16 እስከ 18 ዓመትም ትምህርት ወይም ሥልጠና ላይ መቆየት ግዴታ ነው፤ በእንግሊዝኛና በሒሳብ 4 ያላመጣ ልጅ ሁለቱን መማሩን ይቀጥላል። የእኛ 12ኛ ለዩኒቨርሲቲ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይበቃም፤ «ፋውንዴሽን» የሚባል ዓመት ይጨመርበታል።

ጀርመን ልጆችን ቶሎ ትለያለች። በአብዛኛው ግዛት ከ4ኛ ክፍል በኋላ፣ በበርሊንና በብራንደንቡርግ ከ6ኛ በኋላ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያመራውና ወደ ሙያ የሚያመራው መንገድ ይለያያል። ስለዚህ ለጀርመን 10 ዓመት ሳይሞላው መድረስ ትልቅ ጥቅም አለው። ለ17 ዓመቱ ግን የሙያ ሥልጠናውን እንደ ውድቀት አትዩት፤ ደመወዝ እየተከፈለ የሚማሩበት፣ በአገሩ የተከበረ መንገድ ነው። እዚህ ቴክኒክና ሙያ መግባት እንደ መውደቅ ስለሚታይ ወላጆች ይህን ለመቀበል ሲቸገሩ አያለሁ፤ ያ ያሳዝነኛል።

ስዊድን የቋንቋ መግቢያ የሚባል ፕሮግራም አላት፤ ከ16 ዓመት በላይ የመጣ ወጣት ስዊድንኛና የጎደሉትን ትምህርቶች ይማርበታል። መደበኛው ሁለተኛ ደረጃ መብት የሚሆነው ግን 20 ዓመት እስከሚሞላበት ዓመት ድረስ ለሚጀምር ነው። በ18 የሚደርስ ልጅ ሁለት ዓመት ብቻ አለው ማለት ነው። ለስዊድን «12ኛን ይጨርስና ይሂድ» የሚለው ምክር በሩን ሊያጠብበት ይችላል።

«ማትሪኩን ይውሰድ፣ ምናልባት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ይገባል» ለሚሉም እውነቱን እናገራለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጎበዝ ልጅ ካላችሁ ጠብቁት፤ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ጥሩ ዩኒቨርሲቲ አለ። ግን ውጤቱን እርግጠኛ አድርጋችሁ ቪዛን አታሳልፉ።

ዓመት ያለፈባቸው ልጆች

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በነበረው ጦርነት ብዙ የጎጃም ትምህርት ቤቶች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ልጅ ሳያዩ ቆዩ። ዛሬ 15 ዓመቱ ሆኖ ስድስተኛ ያለ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ውጭ ያለው መዝጋቢ ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ካርዱ ላይ ክፍተት ሲያይ ልጁ የወደቀ ወይም ያቋረጠ ይመስለዋል።

ስለዚህ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ አስጽፉ። ትምህርት ቤቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደተዘጋ፣ ልጁ ከመዘጋቱ በፊት ያለው ውጤቱ ምን እንደነበረ ይግለጽ። በዕድሜ በሚመድቡ አገሮች ደብዳቤው ክፍሉን አይቀይርም፤ ድጋፉን ግን ያበዛለታል። ክሬዲት በሚቆጥሩት ደግሞ አንድ ዓመት ሊያድን ይችላል። የማስተማሪያ ቋንቋውም ይጻፍ፦ በታችኛው ክፍል በአማርኛ፣ በአዊ ከሆነ በአገውኛ፣ በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ። በሒሳብ 90 ያመጣ ልጅ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ስላልገባው ብቻ ከማያውቅ ልጅ ጋር እንዳይቆጠር ያግዛል።

ወረቀቱን ክረምት ከገባ በኋላ አትጀምሩት፤ ርዕሰ መምህሩ ለሥልጠና ይሄዳል፣ ማኅተሙም ይቆለፋል። ሰኔ ሳይወጣ መሸኛውንና ትራንስክሪፕቱን ጠይቁ። ማረጋገጫው እንደ ሰነዱ ዓይነት ባሕር ዳር ትምህርት ቢሮና አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረስ ያስኬዳል፤ ለዚያ ቀን ያዙለት። እኔ አሁን በማወጣው ትራንስክሪፕት ሁሉ ላይ ከልደቱ ቀን አጠገብ ሁለቱንም አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ከእያንዳንዱ የትምህርት ዘመን ጎንም እንዲሁ። የደጀኗ እናት ባለፈው ስትወስድ ጣቷን በቀኑ ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያም ከመቀነቷ የልጇን የክርስትና ወረቀት አውጥታ አመሳከረችው።